ያላዩት አገር፦ ስለ ካናሌቶ የቬኒስ ሥዕልና ስለ እኛ ሠፈር ሠዓልያን

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አበው። ብሂሉ ሁልጊዜ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ሥዕል ሥራ ፈት በሆነ ነበር። ከዚህ ወረቀት አንባቢዎች መካከል ቬኒስን በዓይኑ ያየ ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ሥዕሉን ረጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ያላየውን ከተማ መናፈቁ አይቀርም። ስለዚህ ሃያሲ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ናፍቆት በምን ጥበብ ተፈጠረ? ደግሞስ ናፍቆቱ የእውነት ነው ወይስ ለገበያ የተሰናዳ? ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ እዚህ ሐርጌሳ ተቀምጠን አገራችንን ከምንሥልበት መንገድ ጋር የተያያዘ መሆኑን እናሳየዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉ «ባቺኖ ዲ ሳን ማርኮ» ይባላል፤ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት የተንጣለለው ሰፊ ውሃ ማለት ነው። የማርቆስ ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 አጽሙን ከእስክንድርያ ወስደው የከተማቸው ጠባቂ እንዳደረጉት ይተረካል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳቷን ታስመጣ የነበረው ከዚያው ከማርቆስ መንበር ነው። ሠዓሊው ጆቫኒ አንቶኒዮ ካናል ነው። በ1697 ቬኒስ ተወለደ፤ በ1768 እዚያው ሞተ። አባቱም ሠዓሊ ስለ ነበረ ልጁን «ካናሌቶ»፣ ማለት ትንሹ ካናል፣ እያሉ ጠሩት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። የአባቱ ሙያ የቴአትር መድረክ መጋረጃ መሣል ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሥዕሉ በ1738 ገደማ በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በመጠኑ አንድ ሰፋ ያለ ፍራሽ ያክላል። ዛሬ የሚገኘው በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ስልክ ያለው ሰው የሠዓሊውንና የሥዕሉን ስም ቢፈልግ ምስሉን ሊያገኘው ይችላል፤ ባለ ስልኩ ለሌለው ጎረቤቱ እንዲያሳይ አደራ እንላለን።

ከሸራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰማይ ነው። ቀጭን ደመና ተነጥፎበታል። ከሰማዩ በታች ከተማይቱ እንደ ቀጭን ጥልፍ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግታለች፤ በግራ በኩል ራቅ ብሎ የመስፍኑ ቤተ መንግሥትና ረጅሙ የደወል ማማ፣ በሌላው ወገን በደሴት ላይ የቆመው የሳን ጆርጆ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ከነጉልላቱ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ውሃ ነው። በውሃው ላይ ሸራቸውን የጠቀለሉ የንግድ መርከቦች፣ ልዩ ልዩ ባንዲራ፣ ቀዛፊ የቆመባቸው ጀልባዎች፣ ጥቋቁር ጎንዶላዎች ተበትነዋል። ሰዎቹ ከጥፍር አይበልጡም፤ ቢሆንም እያንዳንዱ አንድ ነገር ይሠራል። አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ ገመድ ይስባል፣ አንዱ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ማንም ወደ እኛ አይመለከትም። የናፍቆቱ የመጀመሪያ ምሥጢር ይህ ይመስለናል። ከተማይቱ እኛ ሳንኖር እየኖረች ነው። የራቀውን ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያመው ደግሞ ይኸው ነው፤ አገር ያለ እርሱ ገበያ ይወጣል፣ ያለ እርሱ ይመሻል።

ሁለተኛው ምሥጢር ከአሠራሩ ይገኛል። ካናሌቶ ማስመሪያና ኮምፓስ የያዘ ሠዓሊ ነበር። በቦታው ቆሞ በእርሳስና በቀለም ብዕር ይነድፋል፤ የነደፈበት አንድ ደብተሩ እስካሁን ቬኒስ ውስጥ ተጠብቆ አለ። ብርሃን በቀዳዳ አስገብቶ የውጭውን ምስል በሚያሳይ ጨለማ ሣጥን ይረዳ ነበር የሚሉ አሉ፤ ምን ያህል እንደ ተጠቀመበት ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ከሣጥኑ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ውሃና ይህን ያህል ከተማ አንድ ሰው በአንድ ቦታ ቆሞ በአንድ ጊዜ ሊያየው አይችልም። ሠዓሊው ከተለያየ ቦታ ያየውን በአንድ ሸራ አጋጥሞ ሰፍቶታል። ስፌቱ አይታይም። የመድረክ ሠዓሊ ልጅ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመው። በመድረክ ላይ ጠባቧ ክፍል አገር እንድትመስል ይደረጋል፤ ተመልካቹም መታለሉን እያወቀ ደስ ይለዋል። እንግዲህ በማስመሪያ የተለካው ይህ ሥዕል፣ እያንዳንዱ መስኮቱ እውነት ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ድርሰት ነው።

የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገለጥለታል። በእኛ ሥዕል የሰው ቁመት የሚለካው በክብሩ እንጂ በርቀቱ አይደለም። ቅዱሱ ትልቅ ነው፤ ሎሌው ትንሽ ነው። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ከሃዲው በአንድ ዓይኑ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። ዐድዋን የሚያሳዩት ሥዕሎችም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ። ስለዚህ በእኛ ሥዕል ውስጥ ማን ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ተፈርዷል። በቬኒሱ ሥዕል ግን ትልቁ ቅርብ ያለው ነው፤ ትንሹ የራቀው ነው። መስፍኑ ራቅ ካለ ከጀልባ ቀዛፊው ያንሳል። ይህ እኩልነት ነው ወይ? ብለን ብንጠይቅ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ አይደለም የሚል ነው፤ ዳኝነቱ ከክብር ተነሥቶ ሥዕሉን ከፊቱ ቆሞ ለሚያየው ሰው ዓይን ተሰጥቷል። የሚያየውም ሰው ገዢው ነው።

በነገራችን ላይ ሁለቱ የአሣሣል ሥርዓቶች ከካናሌቶ በፊት ተገናኝተው ያውቃሉ። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ደርሰው ነበር። በ1480 ገደማ ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከ40 ዓመት በላይ ኖረ፤ መርቆሬዎስ የሚል ስም ተሰጠው፤ ለአብያተ ክርስቲያናትም ሥዕል ሠራ። በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በሕይወት አግኝቶታል። ብራንካሌዮን የሣለልን ግን ቅዱሳንን ነው፤ የከተማ ሥዕል አላስተማረንም። እኛም አልጠየቅነውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ ሥዕሉ ለማን ተሣለ? መልሱ ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባላባት ልጆች ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ወደ ጣሊያን ይጓዙ፣ ሲመለሱም የጉዟቸውን ማስታወሻ ይዘው ይገቡ ነበር። ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል ቬኒስ ውስጥ የሚኖር እንግሊዛዊ ነጋዴ፣ ኋላ በ1744 ቆንስል የሆነ፣ በካናሌቶና በእነዚህ ገዢዎች መካከል ገብቶ ያገናኝ ነበር። ራሱም ብዙ ሥዕል ሰብስቦ በ1762 ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ሸጠው። ይህም የምንነጋገርበት ሥዕል ለካርላይል ባላባት ተሽጦ እንግሊዝ አገር በርስታቸው ቤት ተሰቅሎ ኖሯል። ስለዚህ የምናየው ቬኒስ ቬኒሳዊው የሚያየው አይደለም። ከባለ ገንዘቡ እንግዳ ቤት ሊሰቀል የተሰናዳ ቬኒስ ነው።

ይህ ምን አስከተለ? በ1738 ቬኒስ የወደቀች ኃይል ነበረች። ቀርጤስን በ1669 ለቱርክ አስረክባለች፤ የዓለም ንግድ ወደ ሌላ ውቅያኖስ ዞሯል፤ ከ60 ዓመት በኋላም ሳይሞላ፣ በ1797፣ ናፖሊዮን መጥቶ ሪፐብሊኳን አፍርሷል። ከዚህ ሁሉ በሸራው ላይ አንድም አይታይም። መርከቡ ሞልቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ዕዳ ያለበት ሰው የለም። ሠዓሊው ማየት ተስኖት ነው እንዳንል፣ በ1725 ገደማ የሣለው ሌላ ሥዕሉ ይመሰክርበታል። ለንደን በብሔራዊ ጋለሪ የሚገኘው ይህ ሥዕል «የድንጋይ ጠራቢዎች ግቢ» ይባላል። እዚያ ጠራቢዎች ድንጋይ ሲቀጠቅጡ፣ በመስኮት ልብስ ተሰጥቶ፣ ወድቆ የሚያለቅስ ሕፃንና ልታነሣው የምትሮጥ እናት ይታያሉ። ግድግዳው ተልጧል። ያ ሥዕል የሚሸት ነው፤ ሰው የሚኖርበት ነው። ከዚያ በኋላ ገዢው ሲበዛ ግድግዳው ተለሰነ፣ ሰማዩ ነጣ፣ ሕፃኑም ከሸራው ወጣ። ይህ የአንድ ሠዓሊ ኃጢአት ብቻ አይመስለንም። ለእንግዳ የሚሣል አገር ምንጊዜም ወደዚህ ያዘነብላል።

ገበያው ራሱ ግን ለሠዓሊው ምሕረት አላደረገም። በ1740 የአውሮፓ ጦርነት ሲነሣ ጎብኚዎቹ ቀሩ። ካናሌቶም በ1746 እንጀራውን ፍለጋ ወደ ለንደን ተሰደደ። እዚያ ምን ገጠመው? ይህ ሰው እውነተኛው ካናሌቶ አይደለም የሚል ወሬ ተናፈሰበት። ሰው ቤቱ መጥቶ ሥራውን እንዲያይ በጋዜጣ ማስታወቂያ አስነገረ። ስሙንና ማንነቱን ደጋግሞ ለማስመስከር በተራ የቆመ የዚህ ወረቀት አንባቢ ሐተታ ሳያስፈልገው ነገሩን ይረዳዋል።

እስካሁን ከሳሽ ሆነን ተናገርን። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የተከሳሹንም ወገን እንስማ።

ካናሌቶ በቬኒስ ቤቶች ግርጌ፣ ውሃው ከግድግዳው በሚነካካበት ቦታ፣ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ የውሃ ቅጠል መስመር ይሥል ነበር። ለገዢው ይህ መስመር ምንም አይጠቅመውም። ሠዓሊው የሣለው ስላለ ብቻ ነው። ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ ዳሪዮ ካሙፎ የሚባል የጣሊያን ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር ይህን መስመር ዛሬ በዚያው ግድግዳ ላይ ካለው ጋር አነጻጸረው። ከተማይቱ ከሠዓሊው ዘመን ወዲህ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውሃው እንደ ገባች ከዚያ ለማወቅ ተቻለ። ሰማዩ ለገበያ ተሸጠ፤ ቤተ መንግሥቱ ተሸጠ፤ ማንም ያልገዛው አረንጓዴ መስመር ግን ምስክር ሆኖ ቆመ።

ከዚህ የበለጠው ምስክርነት የመጣው ከእኅቱ ልጅ ነው። በርናርዶ ቤሎቶ የአጎቱን ሙያ ተምሮ፣ የአጎቱንም ስም ተውሶ በ1747 ወደ ድሬስደን ሄደ። በ1748 ያችን ከተማ ከኤልቤ ወንዝ ማዶ ሆኖ ሣላት፤ ይህም ሌላ የውሃ ዳር ከተማ ነው። በ1760 የፕሩሲያ መድፍ ድሬስደንን ሲደበድብ የቤሎቶ ቤትና ንብረት ወደመ። እርሱ ግን ማስመሪያውን አልጣለም። በ1765 የፈረሰውን የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሽ ማማው ተንጠልጥሎ፣ ፍርስራሹ እንደ ተራራ ተከምሮ፣ ቤተ መንግሥት በሚሥልበት በዚያው ጥንቃቄ ሣለው። ጡብ በጡብ ማለት ይቻላል። ከዚያም ወደ ሩሲያ ሲጓዝ ዋርሶ ላይ ቀረ፤ ለፖላንድ ንጉሥ ለስታኒስላቭ ኦገስት የዋርሶን ጎዳናዎች ከ20 በላይ በሆኑ ሥዕሎች ሣለ፤ በ1780 በሰው አገር ሞተ።

በ1944 የናዚ ጦር ዋርሶን ሆን ብሎ ቤት በቤት አፈረሳት። ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ አሮጌዋን ከተማ መልሶ ሲሠራ፣ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ከለኳቸው ንድፎች ጋር የቤሎቶን ሥዕሎች እያየ ሠራ። በንጉሥ ሳሎን ሊሰቀል የተሣለ ሥዕል ቤት አልባ ለሆነ ሕዝብ የግንበኛ ውል ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። ቤሎቶ አንዳንዱን ሕንፃ ከነበረው አሳምሮ ሥሎት ነበር። ስለዚህ አዲሲቱ ዋርሶ በአንዳንድ ቦታ የጥንቷን ዋርሶ ሳይሆን ሥዕሉን ትመስላለች። የሠዓሊ ውሸት ዕድሜ ካገኘ ድንጋይ ሆኖ ይገነባል።

የተቀመጥንበት ከተማ ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል። በ1988 የሶማሊያ መንግሥት አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው ሐርጌሳን ራሷን ደበደቡ። ከተማይቱ አብዛኛው ፈረሰ። ሕዝቡ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሆኖ ድንበር ተሻግሮ ወደ አገራችን ገባ፤ በሐርትሼክ ሰፈረ። እኛ ዛሬ የምናውቀውን ወረፋ እነርሱ በእኛ አፈር ላይ ያውቁታል። ተመልሰው ከተማቸውን ሠሩ። መሐል ከተማ ላይ የቆመው የሚግ አውሮፕላን መታሰቢያና በመቀመጫው ላይ ያለው የመከራ ሥዕል የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ሐርጌሳ ባሕር የላትም፤ ውሃ ዳሯ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላው መሐሏን የሚከፍላት ደረቅ ወንዝ ነው። ካናሌቶ እዚህ ቢቆም ምን ይሥል ነበር? አሸዋውን፣ በአሸዋው ላይ የሚሻገረውን ሰው፣ ጎርፉ በግንቡ ላይ የተወውን መስመር ይሥል ነበር ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በሠፈራችን የሚሣሉት የአገር ሥዕሎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ጎጆ አለ፤ ከጎጆው ጢስ ይወጣል፤ ላም አለች፤ ከበስተኋላ ተራራ፣ ከተራራው ፏፏቴ፣ ከፊት ጀበናና ረከቦት። ቀለሙ ያምራል፤ እጁም የበሰለ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሥዕሉን ከግድግዳው አውርደን የማን ሠፈር ነው ብንል መልስ የለንም። ጎጃም ሊሆን ይችላል፣ ባሌም ሊሆን ይችላል፤ የትም ስላልሆነ የትም ይሆናል። ካናሌቶ ለእንግዳ ገዢ ያደረገውን እኛ ለገዛ ራሳችን አደረግነው። ለጎብኚ የሚሸጠውን ፖስት ካርድ ገዝተን «ቤቴ» አልነው።

ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል፤ የተራበ ሰው የቆሸሸ ቱቦ እንዲሥል ትጠይቃላችሁን? መከራው በቃው፤ ቢያንስ በሥዕል ይረፍ ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሥዕል ማሳረፊያ መሆኑን አንነፍግም። ዳሩ ግን የሚያሳርፈው ውበት የማን ውበት ነው? የሰው ልጅ የሚናፍቀው ፏፏቴን አይደለም፤ የጎረቤቱን በር ነው። በሩ ላይ የተሰነጠቀውን ቆርቆሮ፣ ከበሩ ፊት ያለችውን የድንጋይ መቀመጫ፣ ጀበናው ሲፈላ ማን ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ ነው የሚናፍቀው።

ደግሞም ጊዜ አይጠብቀንም። ከተማ የሚጠፋው በቦንብ ብቻ አይደለም። በ2024 አዲስ አበባ ውስጥ የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያ ሳይቀር፣ ለልማት ተብሎ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያን የቀረን ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። መፍረሱ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። እኛ የምንጠይቀው፣ የዚያን ሠፈር መስኮቶች ማን ቆጥሯቸዋል? የሚለውን ነው። ፎቶግራፍ አለ ይባል ይሆናል። ፎቶግራፍ ግን የሚይዘው በዚያች ቅጽበት ፊቱ የቆመውን ነው። ሠዓሊ አሥር ዓመት ያየውን በአንድ ሸራ ያጋጥማል፤ የካናሌቶ ስፌት ያስተማረን ይህንኑ ነው። ከሠፈሩ የራቀና ፎቶ ያልያዘ ሰውም ከአእምሮው በቀር ሌላ ማኅደር የለውም።

ስለዚህ ፍርዳችን የሚከተለው ነው። «ባቺኖ ዲ ሳን ማርኮ» ታላቅ ሥዕል ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ታላቅነቱ ከጠራው ሰማይና ከተሞላው ወደብ አይደለም፤ እነዚህ የተሸጡ ናቸው። ታላቅነቱ እያንዳንዱን ገመድ፣ እያንዳንዱን ቀዛፊ፣ እያንዳንዱን መስኮት በየቦታው በማስቀመጡ ነው። ጉድለቱም የወደቀውን ሕፃን ከሸራው ማስወጣቱ ነው። ከአጎትየው ማስመሪያውን፣ ከእኅቱ ልጅ ደግሞ ፍርስራሽን በዚያው ማስመሪያ የመለካት ድፍረቱን ብንወስድ ይበጀናል።

ለሠፈራችን ሠዓልያን የምናቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ፏፏቴውን ለአንድ ወር ተዉት። የተወለዳችሁበትን መንገድ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሣሉ። የውሃ ቦኖው የት ነበር? ወፍጮ ቤቱ በየትኛው ወገን? መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በስንት እርምጃ ይራራቁ ነበር? የቱ ግድግዳ ነው ጎርፍ የነካው? የረሳችሁትን ከዚያው ሠፈር የመጣ ሰው ጠይቁ፤ በማስታወስ ብትጣሉ ይበልጥ ደግ ነው፤ ክርክሩ ራሱ መስመሩን ያጠራዋል። ቀለም የሌለው በከሰል ይሣል። መሣል የማይችለው በቃል ይንገርና ሌላው ይሣልለት። ልጆቻችን አገሩን አላዩትም፤ ያላዩት አገር ደግሞ አይናፍቅም። እንዲናፍቁት ብቻ ሳይሆን መንገዱንም እንዲያውቁት ከፈለግን፣ በሩ በየትኛው ወገን እንደሚከፈት እኛ ልንሥልላቸው ይገባል።

ይህን ገጽ ያነበባችሁ ሳታጥፉ ለሚቀጥለው አንባቢ አቀብሉ። ተቃውሞ ያለው በጀርባው ላይ ይጻፍ።